የሜጋው ቆንሲልና የቅኝ ግዛት ፖለቲካ

ከ1914 ጀምሮ በሜጋ ከተማ አንድ የእንግሊዝ ቆንሲል ተቀምጦ ነበር። ስሙ አርኖልድ ሆድሰን ይባላል። ስለ ኑሮው «ሰባት ዓመት በደቡብ አቢሲኒያ» የተባለ መጽሐፍ ጽፎ በ1927 አሳትሟል። ከቦረና ምድር ከወጣ በኋላ ከፍ ከፍ እያለ ሄደ። በመጀመሪያ የፎክላንድ ደሴቶች፥ ቀጥሎ የሴራ ሊዮን፥ በመጨረሻም ዛሬ ጋና የምትባለው የጎልድ ኮስት ገዥ ሆነ። ሰር የሚለውንም የክብር ስም አገኘ።

ለታሪክ ተማሪ እንዲህ ያለው ሰው ጥሩ መመዘኛ ነው። ሰውዬው አንድ ነው፤ ትምህርቱም ጠባዩም በጉዞ አልተለወጠም። የተለወጠው የቆመበት መሬት ነው። በሜጋ የፈለገውን ለማግኘት መጠየቅ ነበረበት፤ በፍሪታውንና በአክራ ግን ማዘዝ ይችል ነበር። ስለዚህ «የቅኝ ግዛት ፖለቲካ ምን ዐይነት ነው?» ብለን ስንጠይቅ፥ መልሱን በገዥዎች ደግነት ወይም ክፋት ብቻ መፈለግ እንደማይበቃ የዚህ ሰው ሕይወት ያሳየናል። ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፤ የሚገዛው ሕዝብ ለገዢው መልስ የሚሰጥበት፥ ገዢውም ለሕዝቡ መልስ እንዲሰጥ የሚገደድበት ቦታ አለ ወይስ የለም? የሚል ነው።

በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ሆድሰን በኋላ የገዛትን የሴራ ሊዮንን አመሠራረት እንመለከታለን። ከዚያም በዚያው ዘመን ቦረና በምን ሥርዐት ይተዳደር እንደ ነበረ፥ ወሰኑ እንዴት እንደ ተሠመረ፥ ቆንሲሉም በሜጋና በአክራ ምን እንደ ሠራ በተራ እናያለን። የዘመኖቹ ቍጥር ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሀ/ ሴራ ሊዮን፥ በ1808 የቆመች ቅኝ ግዛት

ፍሪታውን የተቈረቈረችው በ1792 ነው። የቈረቈሯትም በአሜሪካ ነጻነት ጦርነት ጊዜ ወደ እንግሊዝ ወገን ገብተው የነበሩና በኋላ ከኖቫ ስኮሺያ ተሳፍረው የመጡ ጥቁር ሰፋሪዎች ናቸው። ቍጥራቸው ወደ 1200 ይደርስ ነበር። አገሩን የሚያስተዳድረው በለንደን የተቋቋመ ኩባንያ ሲሆን፥ ሰፋሪዎቹ ግን የቤተ ሰብ አለቆች የሚመርጧቸው ወኪሎች ነበሯቸው። ኩባንያው የመሬት ግብር ሲጥልባቸው «መሬቱ በነጻ እንደሚሰጠን ቃል ተገብቶልን ነበር» ብለው ተቃወሙ። ነገሩ እየከረረ ሄዶ በ1800 ዐመፅ ተነሣ። ዐመፁ ከጃማይካ ተግዘው በመጡ በሌሎች ጥቁር ሰዎች ረዳትነት ታፈነ፤ የወኪሎቹም ምርጫ በዚሁ ቀረ።

እንግሊዝ የባሪያን ንግድ በ1807 ከለከለች፤ ጥር 1 ቀን 1808 ደግሞ ሴራ ሊዮን የዘውዱ ቅኝ ግዛት ሆነች። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል በውቅያኖስ ላይ የሚይዛቸውን የባሪያ መርከቦች ወደ ፍሪታውን እያመጣ ሰዎቹን ነጻ ያወጣ ነበር። የመጀመሪያው የዘውድ ገዥ ቶማስ ፔሮኔት ቶምሰን ገና የሃያ ዐምስት ዓመት ወጣት ነበር። እርሱም ነጻ ወጡ የተባሉት ሰዎች «ሥራ ተለማማጅ» በሚል ስም ለሰፋሪዎችና ለነጋዴዎች ሲታደሉ አይቶ፥ ይህ ባርነት እንጂ ሌላ አይደለም ብሎ ወደ ለንደን ጻፈ። እውነቱን መናገሩ ግን ሥልጣኑን አሳጣው፤ በ1810 ተሻረ።

ከ1814 እስከ 1824 የገዛው ቻርልስ ማካርቲ ነጻ የወጡትን ሰዎች በመንደር በመንደር አሰፈረ፤ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤትም ሠራላቸው። በስተኋላ የጎልድ ኮስት ግዛት ተጨምሮለት በ1824 ከአሻንቲ ጋር ሲዋጋ ሞተ። በ1822 ከባሪያ መርከብ ላይ ወርደው ከገቡት ልጆች አንዱ ሳሙኤል አጃዪ ክራውዘር ይባላል። ፉራ ቤይ የተባለው ኮሌጅ በ1827 ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ እርሱ ሆነ፤ በ1864ም ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። እኛ ተማሪዎች ይህን ታሪክ ስናነብ ደስ ሊለን ይገባል። በምዕራብ አፍሪካ ትምህርት የተስፋፋው በአብዛኛው ከዚያ ኮሌጅ በወጡ ሰዎች ነው።

ነገር ግን በፖለቲካው በኩል ብንመለከት፥ ገዥው የሚያማክራቸው ሰዎች ራሱ ወይም ለንደን የሚሾማቸው ነበሩ። በ1863 የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ሲቋቋም ጆን ኤዚዲዮ የተባለ ነጋዴ በነጋዴዎች ተመርጦ ገባ፤ እርሱም ከባሪያ መርከብ ነጻ ከወጡት አንዱ ነበር። ከርሱ በኋላ ግን ነገሩ በሹመት ሆነና እውነተኛ ምርጫ የተፈቀደው በ1924 ነው፤ ያውም ለሦስት ወንበር ብቻ። በሌላ አነጋገር የቅኝ ግዛቲቱ ሕዝብ በ1800 ያጣውን የምርጫ መብት ጥቂቱን እንኳ ለማግኘት ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ጠበቀ። ኮሌጅ ነበረ፤ ጋዜጣ ነበረ፤ የተማረ ሰው ነበረ። የጐደለው ገዥውን የሚጠይቅ ሸንጎ ነው።

ለ/ በዚያው ዘመን በቦረና

አሁን ደግሞ ወደ አገራችን እንመለስ። ፔሮኔት ቶምሰን ወደ ለንደን በሚጽፍበት ጊዜ፥ በዲሬና በሊበን ምድር የሚኖረው የቦረና ኦሮሞ ከየትኛውም ንጉሥ በታች አልነበረም። ይሁን እንጂ ያለ ሕግና ያለ ሹም ይኖር ነበር ማለት አይደለም። በገዳ ሥርዐት የሚመራ ሲሆን፥ ሥርዐቱ እስከ ዛሬ ድረስ አልጠፋም።

የገዳ ሥርዐት በብዙ መጻሕፍት ስለ ተገለጸ እዚህ ላይ ለጥናታችን የሚያስፈልጉትን ነገሮች ብቻ እንጠቅሳለን። አንደኛ፥ አባ ገዳው ሥልጣን የሚይዘው ለስምንት ዓመት ነው፤ ዘመኑ ሲያልቅ ለሚቀጥለው ያስረክባል። ሁለተኛ፥ መሪዎቹ የሚመረጡት ሥልጣን ከመያዛቸው ከብዙ ዓመት በፊት ስለ ሆነ ጠባያቸውና ችሎታቸው አስቀድሞ ይፈተናል። ሦስተኛ፥ ምርጫውን የሚያካሂዱት ቃሉ የሚባሉት ሁለቱ የሃይማኖት አባቶች ናቸው፤ አንዱ የሳቦ፥ ሁለተኛው የጎና ወገን ነው። መራጮቹ ራሳቸው ግን የገዳን ሥልጣን ሊይዙ አይችሉም። አራተኛና ዋናው ነገር፥ በየስምንት ዓመቱ ጉሚ ጋዮ የሚባለው ታላቅ ጉባኤ ይሰበሰባል። ይህ ጉባኤ ከአባ ገዳው በላይ ነው፤ ሕግ ያወጣል፥ ያሻሽላል፥ ያጠፋውን መሪ እስከ መሻር ይደርሳል።

የሥርዐቱን ጽናት ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአባትና የልጅ የገዳ ዘመን አርባ ዓመት ይራራቃል። ጃልዴሳ ሊበን ከ1960 እስከ 1968 አባ ገዳ ነበሩ፤ ልጃቸው ሊበን ጃልዴሳ ደግሞ ከ2000 ጀምሮ ለስምንት ዓመት መሩ። በመካከሉ የዘውዱ መንግሥት ወደቀ፤ ደርግ መጥቶ ሄደ፤ ሕገ መንግሥት ተለዋወጠ፤ ተራው ግን አልተዛነፈም። በ2017 ሥልጣን የተረከቡት ኩራ ጃርሶ በሽማግሌዎች ቃል ሰባ አንደኛው አባ ገዳ ሆነው የተቈጠሩ ሲሆን፥ እርሳቸውም በ2025 አስረክበዋል። የዓለም የትምህርትና የባህል ድርጅት ዩኔስኮ የገዳን ሥርዐት በ2016 በሰው ልጅ ቅርስ መዝገብ ጽፎታል።

እንዲህ ስንል ግን ሥርዐቱን ያለ ነቀፋ ማሞገስ አይገባንም። የገዳ ሥልጣን የወንዶች ነው። ከቦረና ጋር አብረው የኖሩ አዳኝ ወገኖችም በሸንጎው እኩል ቦታ አልነበራቸውም። ይሁን እንጂ ስለ መንግሥት በሚደረግ ጥናት ይህን ነጥብ ማለፍ አይቻልም፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የፍሪታውን ነዋሪ ገዥውን ለመሻር ወደ ለንደን ከማመልከት በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ የዲሬ ከብት አርቢ ግን መሪውን በጋዮ ጕድጓድ አጠገብ ፊት ለፊት መጠየቅ ይችል ነበር።

ሸንጎው ባዶ ወግ አልነበረም። የቦረና ኑሮ በውሃ ላይ የተመሠረተ ነው። ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ጕድጓዶች ውሃቸው የሚወጣው ብዙ ሰው በደረጃ ላይ ተሰልፎ ከእጅ ወደ እጅ በመቀባበል ነው። እያንዳንዱ ጕድጓድ ባለቤት ጐሣ አለው፤ የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣም ተራ አስከባሪው አባ ሄሬጋ ይወስናል። በድርቅ ጊዜ ተራው ቢፋለስ ከብት ያልቃል፤ ከብት ቢያልቅ ሰው ይሞታል። ስለዚህ የሕግ ክርክር ለቦረና የሕይወትና የሞት ጕዳይ ነበር።

ሐ/ ወሰኑ እንዴት ተሠመረ?

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሦስት ኃይሎች ወደ ቦረና ቀረቡ። እንግሊዝና ጣልያን በ1891 የአፍሪካን ቀንድ በወረቀት ላይ ተከፋፈሉ። ዳግማዊ ምኒልክም በዚያው ዓመት ለአውሮፓ መንግሥታት በጻፉት ደብዳቤ የግዛታቸውን ወሰን አስታወቁ። እንግሊዞች በ1895 የምሥራቅ አፍሪካን ጥበቃ ግዛት ዐወጁ፤ ይህም በኋላ ኬንያ የተባለው ነው። በ1897 ደግሞ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ጦር ይዘው ቦረናን ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት አስገቡ። የከብት እልቂቱ ካለፈ ገና ጥቂት ዓመት ስለ ነበረ ሕዝቡ በዚያን ጊዜ እጅግ ተዳክሞ ነበር።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በዘመናቸው ከነበሩት መኳንንት በፍርድ ዐዋቂነታቸው የታወቁ ነበሩ። በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው መጥተው በምኒልክ ቤት አደጉ፤ ፊታውራሪ ገበየሁ በዐድዋ ከወደቁ በኋላ በእርሳቸው እግር ተተኩ። በ1907 የጦር ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1926 ድረስም በቤተ መንግሥቱ ምክር ትልቅ ሰው ነበሩ። ቦረና በእርሳቸው ግዛት ሥር ስለ ነበረ የሜጋ ሹም መልስ የሚሰጠው ለእርሳቸው ነበር። እዚህ ላይ እውነቱን መሸሸግ አይገባም፤ ጦሩ ሲገባ ጉሚ ጋዮን የጠየቀ የለም። በከብት የሚከፈል ግብር ተጣለ፤ ወታደር ሰፈረ። የምርጫ አስፈጻሚ የነበሩት ሁለቱ ቃሉዎች የመንግሥት ባላባት እንዲሆኑ ተደረገ። በዚህ ምክንያት ከሥልጣን ውጭ መሆን ይገባቸው የነበሩት ሰዎች ባለ ሥልጣኖች ሆኑ፤ ይህም በጥንቱ ሥርዐት ሚዛን ላይ ትልቅ ለውጥ አመጣ።

ወሰኑን ለማጥናት በ1902 እና በ1903 አርቺባልድ በተር የተባለ ባለ ጸጋ ስኮትላንዳዊ በራሱ ወጪ ጉዞ አደረገ፤ ካርታውን የሠራው ሻምበል ሞድ ነው። በ1905 ፊሊፕ ዛፊሮ የሚባል የግሪክ ተወላጅ የእንግሊዝ የወሰን ተቈጣጣሪ ሆኖ ተላከ። ይህም ሰው በሞያሌ ምሽግ ሠርቶ በአዲስ አበባ በነበረው የእንግሊዝ ሚኒስትር በሃሪንግተን ስም ሰየመው። በመጨረሻ ታኅሣሥ ወር 1907 ምኒልክና የእንግሊዙ ጕዳይ ፈጻሚ ቶማስ ሆለር በአዲስ አበባ የወሰኑን ውል ፈረሙ።

በውሉ ውስጥ ትኵረት የሚያሻው አንቀጽ አለ። ከመሥመሩ በዚህና በዚያ ያሉት ሕዝቦች እንደ ቀድሞው በሁለቱም በኩል ከብታቸውን ለማሰማራትና ወደ ውሃ ጕድጓዶቹ በነጻ ለመሄድ መብት አላቸው፤ ነገር ግን ወሰን ተሻግረው በሚቈዩበት ጊዜ ለዚያው ለባለ አገሩ መንግሥት ይታዘዛሉ ይላል። ይህ አንቀጽ ውል አድራጊዎቹ ሁለቱም አንድ ሐቅ እንዳወቁ ያስረዳል። የሠመሩት መሥመር ጐረቤት አገሮችን ብቻ ሳይሆን አንድን ሕዝብ፥ አንድን ሸንጎና የአንድን ከብት ውሃና ሣር የሚለያይ ነበር። በ1908 እና በ1909 ሻለቃ ግዊን መሥመሩን በመሬት ላይ ሲለካ አንዳንድ ቦታ አዛወረው፤ የኢትዮጵያ መንግሥትም አልተቀበለውም። ክርክሩ ኢትዮጵያና ነጻዪቱ ኬንያ ሰኔ 9 ቀን 1970 በሞምባሳ ውል እስኪፈራረሙ ድረስ ቈየ።

መ/ ቆንሲሉ በሜጋ

ሆድሰን ሜጋ ሲደርስ ሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ከዚያ በፊት በቤቹዋናላንድና በሶማሌላንድ አገልግሏል። ሥራው ወሰን ተሻግረው የሚዘርፉትን፥ ዝሆን ለመግደል ወደ ኬንያ የሚወርዱትን አዳኞች፥ የጦር መሣሪያና የባሪያ ንግድን እየተከታተለ ለመንግሥቱ ማስታወቅና ከአገሩ ሹም ጋር መነጋገር ነበር። በጊዜው በነበረው ውል መሠረት የውጭ አገር ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲካሰሱ በቆንሲሎቻቸው ይዳኙ ነበርና ቆንሲሉ ያለ ሥልጣን ነበር ማለት አይቻልም። አንድ ኢትዮጵያዊ ለማሰር ወይም ግብር ለመጣል ግን አይችልም።

ስለዚህ ሆድሰን የተጠቃ ሰው ሲያመለክትለት ማድረግ የሚችለው ወደ ሜጋው ሹም ሄዶ መነጋገር ነበር። ሹሙ እሺ ካላለ ለአዲስ አበባው ሌጋሲዮን ይጽፋል፤ ሌጋሲዮኑም ለመንግሥት ያመለክታል፤ ከመንግሥትም ትእዛዝ ወደ ሜጋ እስኪመለስ ብዙ ጊዜ ያልፋል። የቆንሲሉን ትዕግሥት ይጨርስ የነበረው ይህ መዘግየት የአገር ነጻነት ምልክት ነው። በኬንያ ቢሆን ኖሮ አንድ የአውራጃ ገዥ በአንድ ቀን የሚጨርሰው ጕዳይ በሜጋ በጥያቄና በመልስ መሄድ ነበረበት።

መነጋገር ግድ የሆነበት ሰው የአገሩን ቋንቋ ይማራል። ሆድሰንም በጎሬ ቆንሲል ከነበረው ከክሬቨን ዎከር ጋር ሆኖ የኦሮምኛ ሰዋስው መጽሐፍ በ1922 አሳተመ። መጽሐፉ ለእንግሊዝ ሹማምንት እንዲጠቅም የተዘጋጀ ቢሆንም፥ በኦሮምኛ ጥናት ታሪክ ውስጥ ሳይጠቀስ አይታለፍም። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ስለ ጉዞው መጽሐፍ ነው። የዚያን ዘመን ሜጋን ለማጥናት የፈለገ ተማሪ በመጀመሪያ የሚያገኘው የሆድሰንን መጽሐፍ ነው። የሜጋው ሹም መጽሐፍ አልጻፈም፤ አባ ገዳውም አልጻፈም። በዚህ ምክንያት በከተማይቱ ትንሽ ሥልጣን የነበረው ሰው በታሪክ ገጽ ላይ ትልቁ ሰው ሆኖ ቀረ።

ሠ/ ያው ሰው በአክራ

ሆድሰን ከ1926 እስከ 1930 የፎክላንድ ደሴቶችን፥ ከዚያ እስከ 1934 ሴራ ሊዮንን፥ ከ1934 እስከ 1941 ጎልድ ኮስትን ገዛ። ክፉ ገዥ ነበር ለማለት አይቻልም። ደስተኛ ሰው ስለ ነበረ «ፀሐያማው ገዥ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለት ነበር፤ የቴያትር ጨዋታ ይደርስ ነበር፤ በ1935ም በአክራ የመጀመሪያውን የራዲዮ ጣቢያ አቋቋመ። ስለዚህ ቀጥሎ የምንተርከው ነገር የመጣው ሰውዬው ጨካኝ በመሆኑ አይደለም።

በሜይ ወር 1936 ጣልያን አዲስ አበባን ያዘ። በዚያው ወር በአክራ የሚታተም አንድ ጋዜጣ፥ የአውሮፓውያን አምላክ ለአፍሪካዊ ምን እንዳደረገለት የሚጠይቅ ብርቱ ጽሑፍ አወጣ። የጻፈው አይዛክ ዋላስ ጆንሰን ነው፤ ተወላጅነቱ በፍሪታውን አጠገብ ካሉት መንደሮች ሲሆን የወጣቶች ማኅበር መሪና የሠራተኞች አደራጅ ነበር። የጋዜጣው አዘጋጅ ናምዲ አዚኪዌ ይባላል፤ በኋላ የናይጄሪያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆነው ሰው ነው። ሁለቱም ስለ ኢትዮጵያ መወረር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የተናገሩ ሰዎች ነበሩ። የሆድሰን መንግሥት ሁለቱንም በሕዝብ ቀስቃሽነት ወንጀል ከሰሳቸው። አዚኪዌ ተፈርዶበት በይግባኝ ነጻ ወጣ። ዋላስ ጆንሰን ግን ዐምሳ ፓውንድ ተቀጣ፤ ነገሩንም በለንደን እስካለው እስከ ፕሪቪ ካውንስል አደረሰው።

የዋላስ ጆንሰን ጠበቆች ክርክር ግልጽ ነበር። በእንግሊዝ አገር ሕግ አንድ ጽሑፍ የቀስቃሽነት ወንጀል የሚሆነው ሰውን ወደ ዐመፅ የሚያነሣሣ ሲሆን ነው፤ ይህ ጽሑፍ ደግሞ ማንንም ለዐመፅ አልጠራም አሉ። ፕሪቪ ካውንስል ግን የጎልድ ኮስት ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ራሱን የቻለ ነው፤ በዚህ ሕግ ጽሑፉ ዐመፅ እንዲቀሰቅስ አያስፈልግም ብሎ ፈረደ። ይህን ፍርድ በሚገባ ልናስተውለው ይገባል። በለንደን ወንጀል ያልሆነው ቃል በአክራ ወንጀል ሆነ፤ በአንድ ንጉሥ ሥር፥ በአንድ ቋንቋ፥ በአንድ ዘመን። የቅኝ ግዛት ትርጕም ከዚህ ይበልጥ በአጭሩ ሊነገር አይቻልም።

አሁን ሁለቱን ሆድሰኖች እናነጻጽር። የሜጋው ሆድሰን አንድ ሰው ቢሰድበው ለሹሙ አቤት ከማለት በቀር ምንም አያደርግም። የአክራው ሆድሰን የሚያወጣው ሕግ፥ የሚያሳስረው ፖሊስ፥ የሚያስፈርድበት ችሎት ነበረው። ገዥውን የሚጠይቅ በሕዝብ የተመረጠ ሸንጎ ግን አልነበረም፤ በምክር ቤቱ ውስጥ ብዙዎቹ ወንበሮች የመንግሥት ሹማምንት ነበሩና።

ረ/ ከወሰኑ ወዲያ

የቦረና ግማሽ የቀረበት የኬንያ ወገንስ ምን ሆነ? የወሰኑ ውል በአዲስ አበባ በተፈረመበት በዚያው በ1907 ዓመት የኬንያ የሕግ ምክር ቤት የመጀመሪያ ስብሰባውን አደረገ። ከሰፋሪዎች ወገን ታዋቂው አባል ሎርድ ደላሚር ነበር። ይህ ሰው ከበርበራ ተነሥቶ በሰሜኑ በረሃ አቋርጦ ወደ ኬንያ ደጋ የገባ አዳኝ ሲሆን እስከ 1931 የነጮች ፖለቲካ መሪ ሆኖ ኖረ። የዚያ ምክር ቤት ክርክር በአብዛኛው በገዥውና በሰፋሪዎቹ መካከል ስለ መሬትና ስለ ሠራተኛ ነበር። የመጀመሪያው አፍሪካዊ አባል ኤልዩድ ማቱ የተሾመው በ1944 ነው፤ አፍሪካውያን የመረጧቸው አባሎች የገቡት በ1957 ነው።

የሰሜኑ የወሰን አውራጃ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነበር። ያለ ፈቃድ ወረቀት የማይገባበትና የማይወጣበት ዝግ አገር ተደረገ። በ1934 የወጣው ልዩ ሕግ ሹማምንቱ አንድ ሰው ባጠፋው መላው ጐሣውን እንዲቀጡና ከብት እንዲወርሱ ሥልጣን ሰጠ። ይህን አውራጃ ከ1939 እስከ 1948 የገዛው ጄራልድ ሪስ ነው። እርሱም እንደ ሆድሰን አስቀድሞ በ1930ዎቹ የሜጋ ቆንሲል ነበረ፤ በኋላም የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ገዥ ሆነ። እንግዲህ የሜጋ ቆንስላ የቅኝ ገዥዎች መለማመጃ ቦታ ሆኖ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከዚያው አውራጃ ሕዝብ መካከል ከወጡት ታላላቅ ሰዎች አንዱ ዳውዲ ዳባሶ ዋቤራ ነው። የኢሲዮሎ የመጀመሪያው አፍሪካዊ የአውራጃ ገዥ ሆኖ ተሾመ። አውራጃው ከኬንያ ይገንጠል ወይስ አይገንጠል በሚለው ክርክር ጊዜ በሰላም አንድነትን ይሰብክ ነበር። በሰኔ 1963፥ ኬንያ ነጻ ልትወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሯት፥ ከቦረናው አለቃ ከሐጂ ገልማ ዲዳ ጋር በመንገድ ላይ በጥይት ተገደለ። ዛሬ በናይሮቢ መካከል በስሙ የሚጠራ ጐዳና አለ። ብዙ መንገደኛ በዚያ ሲያልፍ ስሙ የማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ምንድን ነው? መጀመሪያ፥ ገዥ ደግ ቢሆን እንኳ የሚጠይቀው ሸንጎ ከሌለ ደግነቱ አገርን አያድንም። ፔሮኔት ቶምሰን እውነት ስለ ተናገረ ተሻረ፤ ደስተኛው ሆድሰን ጋዜጠኛ ከሰሰ። ሁለተኛ፥ ይህ ሚዛን ለእንግሊዞች ብቻ የተሠራ አይደለም። እኛም የራሳችንን አስተዳደር በዚያው ልንመዝነው ይገባናል። በ1897 የቦረና ሸንጎ ሳይጠየቅ መቅረቱን ፈረንጅ ቢያደርገው ኖሮ እንወቅስ ነበር፤ የራሳችን ሰዎች ስላደረጉት ዝም ብንል ፍርዳችን የተዛባ ይሆናል። ሦስተኛ፥ የአንድ አገር ታላላቅ ሰዎች ማለት ወረቀት የተዉ ሰዎች ብቻ አይደሉም።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኛ ለተማሪዎች የሥራ ጥሪ ነው። የሆድሰን መጽሐፍ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አለ፤ ሌላ መቶ ዓመትም ይቈያል። የሰባ አንዱን አባ ገዳዎች ስምና ሥራ በቃላቸው የያዙት ሽማግሌዎች ግን መቶ ዓመት አይቈዩም። ከእነርሱ አንዱ በሞተ ቍጥር አንድ የፖለቲካ ታሪክ መጽሐፍ ሳይታተም ይቃጠላል። ዲሬና ሊበን፥ ያቤሎና ነጌሌ ተወልደን እዚህ የደረስን ተማሪዎች፥ በክረምት ወደ ቤታችን ስንሄድ ደብተርና እርሳስ ይዘን ከሽማግሌዎቹ እግር ሥር ብንቀመጥ፥ ቆንሲሎቹ ሳይጽፉት የቀሩትን የመጽሐፉን ግማሽ ልንጽፈው እንችላለን። ቋንቋውን ለመማር ሰዋስው አያስፈልገንም፤ ፈቃድ የሚሰጠን ገዥም አንጠብቅም። የሚያስፈልገን ተራችንን ዐውቀን መነሣት ብቻ ነው።